የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲበላሽ ብልሽቱን ከየት መፈለግ ይገባል?

የኤሌክትሪክ ምጣድ በአሠራሩ ቀላል መሣሪያ ነው። ከሸክላው ሥር እየዞረ በተቦረቦረ መስመር ውስጥ ጥቅልል የሙቀት ሽቦ ይቀበራል፤ የሽቦው ሁለት ጫፎችም በገመድ አማካኝነት ከኤሌክትሪክ መስመሩ ጋር ይገናኛሉ። ሞተርም ኾነ ውስብስብ መቆጣጠሪያ ስለሌለው ሊበላሹ የሚችሉት ክፍሎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አስቸጋሪው ነገር የሚስበው ኃይል ብዛት ነው። አብዛኞቹ ምጣዶች ከ3 ሺህ እስከ 4 ሺህ ዋት ይወስዳሉ። ይህም በ220 ቮልት ከ14 እስከ 18 አምፔር ገደማ ማለት ነው። 3 ሺህ 500 ዋት የሚስብ አንድ ምጣድ ባለ 10 ዋት 350 አምፖሎች በአንድ ጊዜ የሚወስዱትን ኃይል ይወስዳል። ስለዚህ ብልሽቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሸክላው ሳይኾን ይህ ሁሉ ኃይል ከሚያልፍባቸው መገናኛዎች ነው።

ምጣዱ እንደ ወትሮው አልሞቅ ሲል በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት የመስመሩ ኃይል ነው። ቤት ውስጥ መብራት መኖሩ ብቻ ኃይሉ በቂ ለመኾኑ ማረጋገጫ አይደለም። ከትራንስፎርመር ርቀው በሚገኙ መንደሮችና ሁሉም በሚጋግርበት ሰዓት ቮልቴጁ ይወርዳል። ከ220 ወደ 180 ቮልት ሲወርድ የምጣዱ ሙቀት የሚቀንሰው በጥቂቱ አይደለም፤ ወደ ሁለት ሦስተኛ ዝቅ ይላል። ያው ምጣድ ሌሊት ወይም ማለዳ በደንብ የሚግል፣ ማታ ግን የሚለግም ከኾነ ጤነኛ ነው። እንዲህ ሲኾን ሽቦውን አሳጥሮ ሙቀት ለማግኘት መሞከር አደገኛ መፍትሔ ነው። ኃይሉ ወደ ቦታው በተመለሰ ጊዜ ያጠረው ሽቦ ከመጠን በላይ ስቦ ራሱንም ገመዱንም ያቃጥላል።

ቀጥሎ የሚታየው ስፒናውና የግድግዳው ሶኬት ነው። የስፒናው እግሮች ከጠቆሩ፣ ሶኬቱ ከቀለጠ ወይም ቡናማ ከኾነ፣ ሲጋገር የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ ምክንያቱ የላላ ግንኙነት ነው። የላላ ቦታ ይግላል፤ ሲግል ይበልጥ ይላላል። ስፒናውን ብቻ ቀይሮ የተቃጠለውን ሶኬት መተው ገንዘብ ማባከን ነው፤ አሮጌው ሶኬት አዲሱን ስፒና በአጭር ጊዜ ያበላሸዋል። ሁለቱም አብረው ይቀየሩ። ምጣድን በማከፋፈያ ላይ መሰካትም ብዙዎች የሚያዘወትሩት፣ ለቃጠሎ በር የሚከፍት ልማድ ነው። ምጣድ ከብሬከሩ ጀምሮ የራሱ መስመር ቢኖረው ይመረጣል፤ ለዚህም ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ ተስማሚ ነው።

ምጣዱን ለመፈተሽ ከመንካት በፊት ስፒናው መነቀል አለበት። ማጥፊያውን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ መስመሩ ተገላብጦ የተዘረጋ ከኾነ ማጥፊያው ቢጠፋም ኤሌክትሪኩ ሽቦው ላይ ይቀራል። ከዚያም በኦም መለኪያ የስፒናው ሁለት እግሮች ይለካሉ። ከ12 እስከ 16 ኦም ካሳየ የሙቀት ሽቦው አልተበጠሰም። መለኪያው ምንም ካላነበበ ሽቦው፣ ገመዱ ወይም መገናኛው ተቋርጧል። ሁለት ሽቦ ያለው ምጣድ ንባቡ በእጥፍ ገደማ ከጨመረ አንደኛው ተበጥሷል ማለት ነው። የዚህ ምልክት ሙቀቱ በግማሽ መቀነሱ ወይም እንጀራው በአንድ ወገን ሊጥ ኾኖ መቅረቱ ነው።

የተበጠሰን የሙቀት ሽቦ ጠምዝዞ መቀጠል የተለመደ ቢኾንም ዕድሜው አጭር ነው። የተጠመዘዘው ቦታ ከሌላው ይበልጥ ስለሚግል እዚያው ይበጠሳል። ሙሉውን ሽቦ በተመሳሳይ ዋት መቀየር ይሻላል። አዲሱ ሽቦ ሲዘረጋ እኩል መሳሳብ ይኖርበታል፤ በአንድ በኩል ከተጠጋጋ እንጀራው እዚያ ያራል፣ በሌላው ይነጣል። የሽቦው ጫፍ ወደ ገመዱ ከመድረሱ በፊት ታጥፎ በራሱ ላይ ቢጠመዘዝ ሙቀቱ ይቀንሳል። መገናኛውም ከሸክላው ራቅ ብሎ በብሎን መጥበቅ አለበት። ተራ ፕላስተር እዚህ ቦታ ላይ ይቀልጣል እንጂ አይሸፍንም።

ከሁሉ በላይ ችላ ሊባል የማይገባው ምልክት መንዘር ነው። ምጣዱ ሲነካ ጥቂትም ቢኾን ከነዘረ በዚያው ቅጽበት መጋገር ይቁም። በባዶ እግር እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ ለሚጋግር ሰው ትናንት የነዘረው ምጣድ ነገ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። መንስኤው የብረት አካሉን የነካ ሽቦ ወይም ውኃ የጠጣ ሸክላ ሊኾን ይችላል። ከስፒናው እግር እስከ ብረት አካሉ ሲለካ መለኪያው ምንም ማንበብ የለበትም። ቢጫና አረንጓዴው የመሬት ሽቦም ከብረት አካሉ ጋር በብሎን ታስሮ፣ በቤቱ መስመር በኩል በትክክል መሬት ውስጥ ከተቀበረው ዘንግ ጋር መገናኘት አለበት። ደረቅ ጣውላ ላይ መቆም ወይም ጫማ ማድረግ ጉዳቱን ይቀንስ እንደኾነ እንጂ የሚነዝርን ምጣድ ደኅና አያደርገውም። የቤቱን የመሬት መስመር መዘርጋትና ብሬከር መቀየር የባለሙያ ሥራ ነው።

ብሬከሩ ምጣዱ እንደተሰካ ወዲያው ከወደቀ ሽቦዎች ተነካክተዋል። የሚወድቀው ጥቂት እንጀራ ከተጋገረ በኋላ ከኾነ ደግሞ መስመሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል ወይም የብሬከሩ መገናኛ ላልቷል። ብሬከሩን በትልቅ መለወጥ ወይም የተቃጠለ ፊውዝን በተራ ሽቦ ማሰር በሁለቱም ጊዜ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ገመድ ለእሳት አሳልፎ መስጠት ነው።

ሽቦው ተቀይሮ አዲስ ጄሶ የተደረገበት ምጣድ በመጀመሪያ በፀሐይ በደንብ ይድረቅ። ከዚያም ለጥቂት ደቂቃ እየተሰካ፣ እየተነቀለና እየበረደ ቀስ በቀስ ይሙቅ፤ በአንድ ጊዜ ከጋለ ውስጡ ያለው እርጥበት ሸክላውን ይሰነጥቀዋል። በዚህ ጊዜ በእጅ አይነካም። ከዚያ በኋላ እንጀራው ቢጣበቅ የኤሌክትሪክ ችግር አይደለም፤ ምጣዱ በጎመን ዘር እንደገና ይሟሽ።