ዋናው ሥዕልና ግልባጩ፤ የኵርዓተ ርእሱ ታሪክ

ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው «አኒማል ክሮሲንግ ኒው ሆራይዘንስ» በሚባል የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ አንድ ቀበሮ ነጋዴ አለ። ይህ ቀበሮ በጀልባ እየመጣ በዓለም የታወቁትን ሥዕሎችና ሐውልቶች ለተጫዋቹ ይሸጣል። ከሚሸጣቸውም አንዳንዱ እውነተኛ፥ አንዳንዱ ሐሰተኛ ነው። የሊዎናርዶ ዳ ቪንቺ ሞና ሊዛ ቅንድቧ ወደ ላይ ተሰቅሎ ከታየ፥ ቬርሜር የተባለው የሆላንድ ሠዓሊ የሣላት ባለ ጉትቻ ልጃገረድም ጉትቻዋ ኮከብ መስሎ ከተገኘ ተጫዋቹ ተታልሏል ማለት ነው። ሐሰተኛውን ይዞ ወደ ሙዚየም ቢሄድ በዚያ ያለው ጉጉት አይቀበለውም። ተጫዋቹ ሙዚየሙን ለመሙላት 43 እውነተኛ የጥበብ ሥራዎችን መሰብሰብ አለበት።

ጨዋታው ለተማሪ የሚጠቅም ነገር አለው፤ ሥዕልን ተጠንቅቆ ማየት ያስተምራል። ይሁን እንጂ ሕጉ «ዋናው አንድ ነው፥ ግልባጩ ሁሉ ሐሰት ነው» የሚል ነውና፥ ይህን ሕግ ይዘን ወደ አገራችን የሥዕል ታሪክ ብንገባ ብዙ አንራመድም።

ከሠፈራችን ከመርካቶ እንጀምር። የከተማው ታላቅ ገበያ ቀድሞ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር፤ ወደ አዲስ ከተማ የተዛወረው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን ነው። ከዚያም አስቀድሞ አዲስ አበባ ገና አዲስ በነበረች ጊዜ፥ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ይሥሉ የነበሩ ሠዓልያን ለውጭ አገር መልእክተኞችና መንገደኞች በጨርቅ ላይ እየሣሉ መሸጥ ጀምረው ነበር። ከእነርሱም መካከል በላቸው ይመር ስማቸው የሚነሣ ናቸው። ገዢዎች አብዝተው የሚፈልጉት ሁለት ሥዕል ነበር፤ አንደኛው ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል የሚሣለው የንግሥተ ሳባ ታሪክ፥ ሁለተኛው የዐድዋ ጦርነት።

የዐድዋውን ሥዕል ያላየ አንባቢ ያለ አይመስለንም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ሆኖ ከላይ ይታያል፤ ዓፄ ምኒልክ ከጃንጥላ በታች ናቸው፤ እቴጌ ጣይቱም በፈረስ ላይ ተቀምጠዋል። በቀድሞው የአሣሣል ወግ የወገን ፊት ሁለት ዓይኑ ይታያል፥ የጠላት ግን ከጎን ይሣልና ዓይኑ አንድ ብቻ ነው። ይህ አሣሣል ከአንዱ ሠዓሊ ወደ ሌላው እየተላለፈ እጅግ ብዙ ጊዜ ተሥሏል። ታዲያ ዋናው የትኛው ነው? ቀበሮው ይህን ቢጠየቅ ሱቁን ዘግቶ በሄደ ነበር። እያንዳንዱ ሠዓሊ የቀደመውን ተከትሎ ሣለ እንጂ ማንንም አላታለለም።

ሐሰት የሚሆነው ሥዕሉ ስለ ተቀዳ ሳይሆን ዕድሜው ሲዋሽ ነው። ትናንት የተሣለውን በጢስ አጥቁሮ፥ ጠርዙንም ቀዳዶ «ከገዳም የወጣ የጥንት ነው» ብሎ መሸጥ ማታለል ነው። ከዚህም የሚከፋው ተቃራኒው፥ ማለት እውነተኛውን ጥንታዊ ሥዕል አዲስ ነው ብሎ ከአገር ማሳለፍ ነው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የሚከለክለው ስለዚህ ነው።

ግልባጭ በአገራችን ያለውን ክብር የሚያስረዳ ሌላም ምሳሌ አለ። እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፥ እጆቿን አጣምራ፥ መሐረብ ይዛ የምትታይበት ሥዕል በየቤተ ክርስቲያኑ አለ። የዚህ አሣሣል ምንጭ በሮማ ከተማ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው ጥንታዊ ሥዕል ነው። ኢየሱሳውያን እ.ኤ.አ. በ1569 ሥዕሉን ለማስገልበጥ ከጳጳሱ ፈቃድ አግኝተው ግልባጩን በዓለም አሠራጩ፤ ወደ ኢትዮጵያም አመጡት። በኋላ ዓፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጧቸው፤ ሥዕሉ ግን ቀረ። የጐንደር ሠዓልያን መልኩንና ልብሱን ወደ አገራቸው ወግ እየመለሱ ደጋግመው ሣሉት፤ በመሆኑም ዛሬ ምንጩ ከውጭ መሆኑን የሚያስብ ጥቂት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባው ግን የኵርዓተ ርእሱ ታሪክ ነው። ይህ ሥዕል ጌታችን የእሾህ አክሊል ደፍቶ የሚታይበት ሲሆን፥ በ16ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ አውሮፓዊ ሠዓሊ በእንጨት ገበታ ላይ የሣለው ነው። «ሥዕሉ አውሮፓዊ ከሆነ ለምን የእኛ ይባላል?» የሚል ጠያቂ ሊነሣ ይችላል። መልሱ ሥዕሉ በአገራችን በነበረው ኑሮ ይገኛል። ነገሥታቱ ይማማሉበት ነበር፤ ሲዘምቱም ያስከትሉት ነበር። በ1736 ዓ.ም. ዳግማዊ ኢያሱ ከስናር ጋር ተዋግተው ድል በሆኑ ጊዜ ሥዕሉ ተማርኮ፥ በኋላ በብዙ ወርቅ ተዋጅቶ ወደ ጐንደር ተመልሷል። ሠዓልያንም በብራናና በግድግዳ ላይ እየገለበጡት በየስፍራው አዳረሱት።

ዓፄ ቴዎድሮስ ሥዕሉን ወደ መቅደላ ወሰዱት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ሰውተው አምባው በጄኔራል ናፒየር ጦር እጅ ሲወድቅ፥ የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ የሆነው ሪቻርድ ሆልምስ ከጦሩ ጋር ነበር። ለሙዚየሙ ዕቃ እንዲገዛ 1000 ፓውንድ ተሰጥቶት ነበር። ከአምባው የተዘረፈው ሀብት በ15 ዝሆንና በ200 ያህል በቅሎ ተጭኖ በደላንታ ሜዳ በጨረታ ተሸጠ። ኵርዓተ ርእሱን ግን ሆልምስ ለሙዚየሙ ሳይሆን ለራሱ አስቀረው።

ዓፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1872 ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ሁለት ነገር ጠየቁ፤ ክብረ ነገሥት የሚባለውን መጽሐፍና ኵርዓተ ርእሱን። መጽሐፉ ተመለሰ። ስለ ሥዕሉ የተሰጠው መልስ ግን ዱካው አልተገኘም፥ ወደ እንግሊዝ አገርም የመጣ አይመስለንም የሚል ነበር። አንባቢ ሆይ፥ ሆልምስ በዚያን ጊዜ የት እንደ ነበረ ተመልከት! እ.ኤ.አ. ከ1870 ጀምሮ በዊንድሶር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ የመጻሕፍት ቤት ኀላፊ ነበር። ሥዕሉ የተፈለገበትን ቤተ መንግሥት የሚያገለግለው ሰው ሥዕሉን በእጁ ይዞ ዝም አለ። ነገሩ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1905 የሥዕሉ ፎቶግራፍ ቡርሊንግተን በተባለው የእንግሊዝ የጥበብ መጽሔት በታተመ ጊዜ ነው፤ በዚያን ጊዜ ዓፄ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ 16 ዓመት አልፎ ነበር።

ከሆልምስ ሞት በኋላ ሥዕሉ እ.ኤ.አ. በ1917 በለንደን በክሪስቲ የጨረታ ቤት ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1950 እንደ ገና ለጨረታ ሲቀርብ ሉዊስ ሬይስ ሳንቶስ የተባለ ፖርቱጋላዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ ገዝቶ ወደ አገሩ ወሰደው።

እንግዲህ በቀበሮው ሕግ ብንፈርድ እውነተኛው ከፖርቱጋል ያለው ብቻ ነው፥ በአገራችን ያሉት ሁሉ ከሙዚየም በር መመለስ አለባቸው። እኛ ግን እንዲህ አንፈርድም። ዋናው ከተወሰደ ከ150 ዓመት በላይ ሲሆነው ኢትዮጵያዊው ኵርዓተ ርእሱን ያወቀው በግልባጮቹ ነው። ይህን ስንል ግልባጩ ስላለ ዋናው ባይመለስም ግድ የለም ማለታችን አይደለም፤ ዓፄ ዮሐንስ የጻፉትም ግልባጭ አጥተው አልነበረም። በጐንደር ዘመን ብራናዎች ላይ ያ የእሾህ አክሊል የደፋ ፊት ዛሬም ይታያል፤ የተቀዳበት ገበታ ግን ወደ ኢትዮጵያ አልተመለሰም።