«ጥምር» እና «ውሁድ»፦ በክር የተጠናከረ አሉሚኒየም ታሪክ ስለ ስያሜ የሚያስረዳው

ባሕርያቸው የተለያየ ቁሶች ተባብረው የሚሠሩበትን፣ ነገር ግን አንዱ በሌላው ውስጥ የማይጠፋበትን ነገር በአማርኛ ምን እንበለው? «ቅይጥ» አብረው ቀልጠው ለተደባለቁ ብረታ ብረቶች፣ «ውሁድ» ደግሞ በኬሚካዊ መንገድ ተዋሕደው ሌላ ነገር ለሆኑ ንጥረ ነገሮች ተይዘዋል። «ጥምር ቁስ» የሚለውን የመረጥንበትን ምክንያት ከዚህ ቀጥሎ በአንድ የቴክኒክ ታሪክ እናስረዳለን።

ሐሳቡ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። ግድግዳ የሚመርግ ሰው ጭቃውን ከጭድ ጋር ያቦካል። ጭዱ ጭድ፣ ጭቃውም ጭቃ ሆኖ ይኖራል፤ ይሁን እንጂ ጭዱ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ይይዘዋል።

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ጠንካራ የቦሮን ክር ተገኘ። ይህም የሚሠራው ቦሮን ከጋዝ እየተለየ በጋለ ቀጭን የተንግስተን ሽቦ ላይ እንዲጋገር በማድረግ ነው። ክሩ በስስ የአሉሚኒየም ዝርጎች መካከል ተደርድሮ በሙቀትና በግፊት ይጣበቃል። ችግሩም የመጣው ከዚሁ ሙቀት ነው። ሙቀቱ ካነሰ ዝርጎቹ በሚገባ አይያያዙም። ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ ለረዥም ጊዜ ከቆየ ደግሞ፣ በ660 ዲግሪ የሚቀልጠው አሉሚኒየም ገና ሳይቀልጥ፣ ሁለቱ በሚገናኙበት ገጽ ላይ ቦራይድ የተባለ ተሰባሪ ውሁድ ይፈጠራል። ቁሱ ሲሳብ ይህ ሽፋን ቀድሞ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ወደ ክሩ ይዘልቃል። በመሆኑም ጥንካሬው በሙቀቱ መጠንና በቆይታው ልክ ይቀንሳል፤ ቁሱ ቢቀዘቅዝም የጠፋው ጥንካሬ አይመለስም።

በ1960ዎቹ ክሩን በስስ ሲሊከን ካርባይድ መለበጥ ተጀመረ፤ ልባጡም ውሕደቱን አዘገየው። እ.ኤ.አ. በ1981 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሕዋ በመጠቀችው የኮሎምቢያ መንኮራኩር የመካከለኛ አካል ውስጥ፣ ከቦሮንና ከአሉሚኒየም የተሠሩ የድጋፍ ቱቦዎች አገልግለዋል። ክብደታቸውም በአሉሚኒየም ብቻ ቢሠሩ ኖሮ ከሚኖራቸው በ45 በመቶ ያህል ያነሰ ነበር።

ከዚህ እንደምንረዳው፣ የጥምር ቁስ ጥንካሬ የሚጸናው አባላቱ ተያይዘው፣ ነገር ግን ሳይዋሐዱ ሲኖሩ ነው። ስለሆነም ይህን ቁስ «ውሁድ» ብሎ የሚተረጉም ሰው የበሽታውን ስም ለበሽተኛው መስጠቱ ነው። የመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችም ሁለቱን ቃላት ለይተው እንዲጠቀሙ እናሳስባለን።