የሐይቅ ዕቃ ቤትና የእርጥበት ጥበቃ

የአርዲቦ ሐይቅ ትርፍ ውኃ ዝቅ ብሎ ወደሚገኘው፣ ስሙም «ሐይቅ» ወደሆነው ሐይቅ ይወርዳል። በዚያም በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞአ ያደራጁት የእስጢፋኖስ ገዳም አለ፤ በ1273 ዓ.ም. ገደማ በብራና የተጻፈው ወንጌላቸውም የገዳሙ ቅርስ ነው። ብራና እርጥበት ሲበዛበት ይሻግታል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ገዳማት መጻሕፍት በቆዳ ማኅደር ገብተው ግድግዳ ላይ ይሰቀሉ ነበር፤ ወለሉ እርጥብ፣ አይጥም የማይጠፋበት ነውና። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቀው ቄሰ ገበዝ አደጋውን የሚያውቀው በእጁና በአፍንጫው ነበር፤ ይህ ችሎታ ሊናቅ አይገባም። ዛሬ በመዛግብትና በመሣሪያ ክፍሎች ሴንሰር የአየሩን አንጻራዊ እርጥበት ይለካል። ሻጋታ በተለይ እርጥበቱ ከ65 እስከ 70 በመቶ ካለፈ በኋላ ስለሚስፋፋ የሴንሰሩ ማንቂያ 60 በመቶ አካባቢ ይደረጋል፤ በመካከል ያለው ልዩነት ለጠባቂው መስኮት ለመክፈት ወይም መጽሐፉን ለማንሳት ጊዜ ይሰጠዋል።