መጽሐፉ አለ፣ መንገዱስ?

ጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች የመጻሕፍት ቤት ብርቅ አይደለም። ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስና ጣና ቂርቆስ የብራና መጻሕፍትን ለዘመናት ጠብቀው አቆይተዋል። ኤርነስት ሐመርሽሚት የተባለው ምሁር በ1968 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) መጥቶ የደሴቶቹን መጻሕፍት በማይክሮፊልም አነሣ፤ በ1973 ደግሞ የክብራንን ዝርዝር አሳተመ። ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ቁጥር ሰጠው። ከዚያ ወዲህ ክብራንን ረግጦ የማያውቅ ተመራማሪ እንኳ ቁጥሩን ጠርቶ መጽሐፉን ያገኛል። መጽሐፉ ድሮም ነበረ፤ የተጨመረው መንገዱ ነው።

ወዳጆቻችን፣ ይህን ያነሣነው ወደ ኮምፒውተር ልንሻገር ነው። እዚያም ላይብረሪ አለ፤ ጥያቄውም ያው ነው።

በድሮ ጊዜ እያንዳንዱ ፕሮግራም የሚያስፈልገውን ኮድ ሁሉ ተሸክሞ ይዞር ነበር። “ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል” እንዲሉ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ሰን ኦኤስ 4.0ን የመሳሰሉ ሥርዓቶች የጋራ ላይብረሪን አመጡ፦ ኮዱ አንድ ቦታ ይቀመጥ፣ ፕሮግራሞች ሁሉ ከዚያ ይጠቀሙ። ፕሮግራሙ የላይብረሪውን ስም ብቻ ይጠራል፤ ፈልጎ የሚያመጣለት ሌላ አገናኝ ነው። በሊኑክስ የመጀመሪያ ዓመታት እያንዳንዱ የጋራ ላይብረሪ በማህደረ ትውስታ ውስጥ ቋሚ አድራሻ በምደባ ይሰጠው ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ኤልፍ የተባለው ቅርጽ ሲመጣ ከዚህ ምደባ ተገላገለ። ፋይሉ በየትኛው ፎልደር ይፈለግ የሚለው ጥያቄ ግን ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ስንቱን ያደናገረ መልእክት አለ፦ “ፋይሉ የለም”። ፋይሉ እኮ አለ! ባለሙያው ኮምፓይል አድርጎ አስቀምጦታል፤ የአገናኙን ማውጫ የሚያድሰውን ኤልዲኮንፊግ ግን አላስኬደም። ማውጫው ላይ ያልሰፈረ መጽሐፍ እንደሌለ ይቆጠራል።

አቋራጭ መንገዶችም አሉ። አንዱ ኤልዲ ላይብረሪ ፓዝ ነው፤ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር “በዚህ በኩል ፈልግ” ብሎ እንደ መንገር ነው። ሌላው አርፓዝ ነው፤ መንገዱን ፕሮግራሙ ውስጥ ይቀርጸዋል። ሠሪው የራሱን ቤት ፎልደር ከቀረጸበት ግን ፕሮግራሙ በሌላ ሰው ማሽን ላይ የማይገኝ ቤት ሲፈልግ ይኖራል። ከባሰም ሌላ ሰው በዚያ ስም ፎልደር ከፍቶ የራሱን ኮድ ሊያስገባለት ይችላል። ዴቢያንና ፌዶራ በፓኬጅ ውስጥ እንዲህ ያለውን አርፓዝ የሚቃወሙት ለዚህ ነው።

“ይህ እኛን ምን አገባን?” ለሚል ደግሞ መልስ አለን። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። በ2002 የወጣው ጂቲኬ 2 ለሊኑክስ ፕሮግራሞች መስኮትና ሜኑ የሚሠራ ላይብረሪ ነው፤ ከትውልዱ ጋር “አማርኛ ኢዜድ ፕላስ” የተባለ የመጻፊያ ሞጁልም አብሮ ይታደል ነበር። የማሽኑ ቋንቋ አማርኛ ከሆነ ሞጁሉ ሳይጠሩት እንዲመጣ የተሰናዳ ነበር። ጂቲኬ ግን ፎልደሩን አያስስም፤ ሞጁሎቹ ከነሙሉ መንገዳቸው የተጻፉበትን አንድ ማውጫ ያነባል። ፓኬጁን የሠራው ሰው ማውጫውን ካላደሰ አማርኛው ከሜኑ ላይ የለም። ባለ 64 ቢት ፕሮግራም የባለ 32 ቢቱን ማውጫ ካነበበም ሞጁሉን መጫን አይችልም። ችግሩ የሁሉም ቋንቋ ነበር፤ ሌላ መጻፊያ በሌለው ማሽን ላይ ግን “ሊኑክስ አማርኛ አያውቅም” ብሎ የሄደ ሰው አይፈረድበትም። አማርኛው ግን እዚያው ዲስኩ ላይ ተቀምጦ ነበር!

በ2020 የወጣው ጂቲኬ 4 ያንን ሞጁል ይዞ አልመጣም። ዛሬ አማርኛ በአብዛኛው የሚጻፈው እንደ አይባስ ባሉ ራሳቸውን በቻሉ ፕሮግራሞች በኩል ነው፤ እነሱም የራሳቸው ፎልደርና ማውጫ አላቸው። መንገዱ ተቀየረ እንጂ ጥያቄው አልተቀየረም።

እንግዲህ በባህር ዳር ኮምፒውተር የምትማሩ እህትና ወንድሞቻችን፣ ለፊደላችን ሶፍትዌር ስትሠሩ “በእኔ ማሽን ይሠራል” ብላችሁ አትቁሙ። ፓኬጁን ባልተሠራበት ባዶ ማሽን ላይ ጭናችሁ ሞክሩት። አባቶች መጽሐፉን በደሴት ላይ አቆይተውልናል፤ የእኛ ድርሻ ታንኳው እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው።