በሁለት ትእዛዝ መካከል የቆመ ነጋዴ

አንድ መንግሥት በንግድ በኩል ሌላውን አገር ሲያስገድድ ሕግ ምን መከላከያ አለው? ለዚህ ጥያቄ የሳይቤሪያን የጋዝ ቧንቧ ክርክር መርጠናል። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በዲሴምበር 1981 በፖላንድ የጦር ጊዜ ሕግ ሲታወጅ ፕሬዚዳንት ሬገን ሶቭየት ኅብረትን ተጠያቂ አድርገው የቧንቧው መሣሪያ ከአሜሪካ እንዳይሸጥላት ከለከሉ። ክልከላው በጁን 1982 በአውሮፓ ላሉት የአሜሪካ ቅርንጫፎችና በአሜሪካ ፈቃድ ለሚሠሩ ፋብሪካዎች ጭምር ተዘረጋ። ጆን ብራውን የተባለው የስኮትላንድ ፋብሪካ ተርባይኑን ቢልክ አሜሪካ ትቀጣዋለች፤ ባይልክ ውል ያፈርሳል።

እንግሊዝ በ1980 የንግድ ጥቅም መጠበቂያ ሕግ አውጥታ ነበር። ሕጉ በይበልጥ የታሰበው የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የሚፈርዱትን የሦስት እጥፍ ካሣ ለመቋቋም ነበር፤ አሁን ግን ለቧንቧው ዋለ። የንግድ ሚኒስትሩ ሎርድ ኮክፊልድ በኦገስት ጆን ብራውንን ጨምሮ አራት ኩባንያዎች ለአሜሪካ ክልከላ እንዳይታዘዙ አዘዙ። ፈረንሳይም ድሬሰር የተባለውን ኩባንያ አስገድዳ ሦስት የጋዝ መግፊያ መኪናዎች ከለሃቭር ወደብ አስጫነች።

በእኛ አስተያየት ከሁሉ የጠነከረው የሔግ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 17 የሰጠው ፍርድ ነው። ሴንሶር የተባለው ኩባንያ ባለቤቱ አሜሪካዊ ቢሆንም በሆላንድ ሕግ የተቋቋመ ስለሆነ ዜግነቱ የሆላንድ ነው፤ ዕቃውን ያስረክብ ተባለ። ይህን ያለው ሚኒስትር ሳይሆን ዳኛ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

አሜሪካ ድሬሰርንና ጆን ብራውንን ከመቅጣት አልተመለሰችም። ሕጉ ለነጋዴው ያተረፈለት «መንግሥቴ አዝዞኝ ነው» የሚለውን መልስ ነው። ሬገን ክልከላውን በኖቬምበር 13 ሲያነሡ የመጀመሪያዎቹ ተርባይኖች ቀደም ብለው በመርከብ ሄደው ነበር።