የልዑል ዓለማየሁን ታሪክ ለልጆች ማን ጻፈው?

«ዊንጌት፣ ዊንጌት፣ አንድ ሰው!» እያለ የታክሲ ረዳት ሲጣራ አንድ የእንግሊዝ መኮንን ትዝ የሚለው ተሳፋሪ ጥቂት ነው። ስሙ ግን የእሱ ነው። ኦርድ ዊንጌት «የጌዴዎን ጦር» የተባለውን ኃይል መርቶ ከአርበኞቻችን ጋር በጎጃም በኩል ዘምቷል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገቡም አብሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 በአውሮፕላን አደጋ ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ጉለሌ ላይ በስሙ አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ሰፈሩም የትምህርት ቤቱን ስም ወረሰ።

እንግሊዝ በ1933 ንጉሥ አጅባ መጣች። በ1860 ግን ልጅ ይዛ ሄዳለች። የመጀመሪያው የሰፈር ስም ሆኖ በየቀኑ ይጠራል። ሁለተኛውንስ ልጆቻችን ከየት ይስሙት?

ታሪኩን ባጭሩ እናስታውስ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሠዉ። የናፒየር ጦር ከዘረፈው ቅርስ ጋር የ7 ዓመቱን ልዑል ዓለማየሁንም ይዞ ተመለሰ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ወደ ባሕር ሲወርዱ መንገድ ላይ ሞቱ። ልጁ በአማርኛ ተናጋሪው ካፒቴን ስፒዲ እጅ ገባ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም ተቀብላ አነጋገረችው። በቼልተንሃምና በራግቢ ትምህርት ቤቶች አልፎ ሳንድኸርስት የጦር አካዳሚ ገባ። ኅዳር 1872 ዓ.ም በሳንባ ሕመም ሊድስ ከተማ ውስጥ ሲሞት ገና 18 ዓመቱ ነበር። የተቀበረው በዊንዘር ቤተ መንግሥት ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ነው። አፅሙ ይመለስልን ተብሎ በ1999 ዓ.ም በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በኩል ተጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ቤተ መንግሥቱ «የሌሎችን ዕረፍት ሳንነካ ማውጣት አይቻልም» በሚል ምክንያት እንደማይመልስ አስታወቀ።

ይህን የልጅ ታሪክ ልጆች እንዲያነቡት አድርገው በልብወለድ ከጻፉት አንዷ ኤሊዛቤት ሌርድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1943 ከስኮትላንዳውያን ወላጆች ኒውዚላንድ ውስጥ ተወልደው ያደጉት እንግሊዝ አገር ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ፣ መቅደላ መቶ ዓመት በሞላበት ሰሞን፣ አዲስ አበባ መጥተው ሁለት ዓመት አስተማሩ። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ከሥራቸው አልወጣችም። እ.ኤ.አ. በ2003 የአዲስ አበባን ጎዳና ተዳዳሪ ልጆች ሕይወት የሚተርክ ልብወለድ አሳተሙ። በ2012 የዓለማየሁን ታሪክ ከመቅደላ እስከ ራግቢ ተከትለው ጻፉ፤ የመጽሐፉ ርዕስ በአማርኛ «ከአንበሶች ጋር የተራመደው ልዑል» ሊባል ይችላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ የሯጭነት ሕልም ስላለው ኢትዮጵያዊ ልጅ ጻፉ።

ከልብወለዱ ይልቅ እኛን ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባ ሥራም አላቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር ሆነው ክልሎቻችንን ዞረው፣ ከተራኪዎች አፍ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተረቶችን ሰበሰቡ። ተረቶቹ በቀላል እንግሊዝኛ ተጽፈው የተማሪዎች ማንበቢያ ሆኑ። እስቲ አስቡት፦ ሽማግሌው በራሱ ቋንቋ የተረተውን የልጅ ልጁ በእንግሊዝኛ ያነበዋል።

«የእኛን ታሪክ ፈረንጅ ለምን ይጽፈዋል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን ሴትዮዋን መውቀስ አይደለም። ሌርድ ስለ ፍልስጤም ልጆች ሲጽፉ ከፍልስጤማዊቷ ደራሲ ከሶንያ ኒምር ጋር ሆነው ነው። የሰውን ታሪክ ከባለቤቱ ጋር መጻፍ እንደሚቻል ያውቃሉ ማለት ነው። እንደ ኒምር አጠገባቸው ተቀምጦ «ይህ እንዲህ አይደለም» የሚል ደራሲ ማፍራት የእኛ ድርሻ ነው።

ደራሲ አጥተን ነው እንዳይባል፣ ቴዎድሮስን ያልጻፈ ማን አለ? ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት፣ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ» ጽፈዋቸዋል። ሁሉም ለአዋቂ ነው። ለልጆች ደግሞ አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ተረቱ፤ እሱም ተረት እንጂ ታሪካዊ ልብወለድ አልነበረም። መሐል ላይ ክፍተት አለ። የ10 ዓመት ልጅ ዓድዋን፣ መቅደላን፣ ማይጨውን በእኩያው ዓይን የሚያይበት መጽሐፍ መደብሮቻችን ውስጥ በጣት የሚቆጠር ነው።

ይህ ክፍተት ዋጋ ያስከፍላል። የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ዓመተ ምሕረት ይሰጣል፤ ልጁ ለፈተና ሸምድዶ ከፈተና በኋላ ይረሳዋል። ልብወለድ ግን «አንተ ብትሆን ኖሮስ?» ብሎ ይጠይቀዋል። እናትህ መንገድ ላይ ቢሞቱ፣ የማታውቀው አገር ቢወስዱህ፣ ማታ በመኝታ ክፍል ውስጥ ቋንቋህን የሚሰማ አንድ ሰው ባይኖር? ይህን አንብቦ ያደገ ልጅ ስለ አፅሙ መመለስ ሲከራከር በመፈክር ብቻ አይከራከርም። ካላነበበ ደግሞ ቦታውን የሚሞላው የሠላሳ ሴኮንድ ቲክቶክ ነው፤ እዚያ ላይ ታሪክ ወይ ፉከራ ነው ወይ ስድብ።

ምን ይደረግ? አንደኛ፣ አሳታሚዎች የሌርድን መጽሐፍ ሕጋዊ ፈቃድ ጠይቀው ወደ አማርኛና ወደ ሌሎች ቋንቋዎቻችን ቢያስተረጉሙ ጥሩ ጅምር ነው። ሁለተኛ፣ ትርጉም ብቻውን አይበቃም፤ የሥነ ጽሑፍ ሽልማቶቻችን ለልጆች ታሪካዊ ልብወለድ የተለየ ዘርፍ ይክፈቱ። ሦስተኛ፣ ደራሲዎቻችን ለልጅ መጻፍን እንደ ትንሽ ሥራ ማየት ይተዉ። ለልጅ መጻፍ ይከብዳል፤ ልጅ ሲሰለቸው ለይሉኝታ ብሎ አያነብም።

መነሻ የሚሆን ታሪክ ለሚፈልግ ደራሲ አንድ ልጠቁም። የዓለማየሁ አያት ወይዘሮ ላቂያዬ ልጁ ከተወሰደ በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ደብዳቤ ይጽፉ ነበር። ልጃቸውን ጥሩወርቅን ቀብረዋል፤ የቀራቸው ያ የልጅ ልጅ ነበር። በዚያው ጊዜ ልጁ እንግሊዝኛው እየሰላ፣ አማርኛው ከአፉ እየጠፋ ሄደ። አያት በአማርኛ ይጽፋሉ፣ የልጅ ልጅ አማርኛ ይረሳል። ከዚህ በላይ ምን ልብወለድ አለ?

የዊንጌት ልጅ ሰፈሩ በማን ስም እንደተጠራ ይወቅ፤ ክፋት የለውም። ወይዘሮ ላቂያዬ ለማን ይጽፉ እንደነበር ግን በአያቱ ቋንቋ አንብቦ ይወቅ።