ከዘማቹ ኋላ የቀረ ወላጅ

ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ሀገሩን ለጦርነት የጠሩበት ዐዋጅ፣ ጉልበት ያለውን ለዘመቻ ካዘዘ በኋላ፣ ጉልበት የሌለውም ስለ ልጁ፣ ስለ ምሽቱና ስለ ሃይማኖቱ ብሎ በሐዘን እንዲረዳ አዝዞ ነበር። የዓድዋን ነገር የሚያወሱ ሰዎች ከዚህ ዐዋጅ ዘወትር የሚያነሡት የዘማቹን ክፍል ነው፤ በቤቱ የቀረው ሽማግሌና ባልቴት ግን የጦርነቱ ተመልካች ብቻ እንደ ሆኑ ተቆጥረው ይታለፋሉ። እኔ ግን ወላጅ ከዘማቹ የማያንስ ግዳጅ እንደ ነበረበት፣ ግዳጁም የራሱ ሥራና የራሱ ሥርዐት እንደ ነበረው አምናለሁ።

የሥራው መጀመሪያ ስንቅ ነበር። የዚያ ዘመን ሠራዊት አብዛኛውን ስንቁን ከቤቱ ይዞ የሚወጣ እንደ መሆኑ መጠን፣ ዐዋጁ በተነገረ ማግስት በየደጁ የሙቀጫ ድምፅ ይበረክታል፤ ገብሱ ይታመሳል፣ ይሸከሸካል፣ ተፈጭቶ በሶ ይሆናል፤ ከበሶው ከፊሉ በቅቤና በበርበሬ ታሽቶ ጭኮ ይወጣዋል፤ እንጀራው በፀሐይ ደርቆ ድርቆሽ፣ ሥጋው ተዘልዝሎ ቋንጣ ይሆንና ሁሉም በስልቻና በአቁማዳ ይታሰራል። የጾሙ ስንቅ ከፍስኩ ተለይቶ መቀመጥ ስላለበት፣ እናት ልጇ በስንተኛው ወር ምን እንደሚበላ እያሰበች ስታሰናዳ፣ መቼ እንደሚመለስ የማታውቀውን ልጅ የመንገዱን ዘመን በእህል ትሰፍረው ነበር ማለት ነው። በቅቤው ላይ እንባዋ እንዳይታይ ፊቷን ወደ ጓዳ ታዞራለች፤ ዘማችን በእንባ መሸኘት ገድ የለውም ይባላልና።

ይህንም ስንቅ ያሰናዳው ወላጅ ማን እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ በደረሰው ክፉ ቀን ከብቱ በደስታ በሽታ አልቆ፣ ማሳው ጦም አድሮ፣ ሕዝቡ በረኃብና በተስቦ ረግፎ ነበር። በ1888 ዓ.ም. የሃያ ዓመት ጎልማሳ ሆኖ ጋሻውን ያነሣ ልጅ፣ ያ መከራ ሲጀምር የዐሥራ ሁለት ዓመት ብላቴና ነበረ፤ ከጎረቤቱ ብላቴኖች ብዙዎቹ ሲቀበሩ እርሱን ከሞት አፍ የመለሱት ወላጆቹ፣ ገና እፎይ ሳይሉ ለሀገሩ መርቀው ሰጡት። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚበልጥ ስጦታ አላውቅም።

ዘማቹ ከወጣ በኋላ የወላጁ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ነው። አባት በምሕላውና በእግዚኦታው ይቆማል፤ እናት ልጇ በደኅና ቢመለስላት ጥላ ወይም መጋረጃ፣ ድኻ ብትሆን ጧፍና ዕጣን ልታገባ ለታቦቱ ትሳላለች። ውጊያው የተደረገው በየካቲት 23 ቀን፣ በዐቢይ ጾም ውስጥ፣ በእሑድ ነበርና፣ በሸዋም ሆነ በጎጃም በዚያች ሰዓት ብዙ ወላጆች በዐጸደ ቤተ ክርስቲያን ቆመው እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም፤ በዚያች ሰዓት በዓድዋ ተራሮች ላይ የሚሆነውን ግን አንዳቸውም አያውቁም።

ከትግራይ እስከ ሸዋ ወሬ የሚያደርስ ስልክም ቴሌግራፍም ስላልነበረ፣ ዜናው በእግረኛና በፈረሰኛ እየተንከባለለ መጣ። ድሉ ሲሰማ እልልታው ቢቀልጥም፣ ለዘማች እናት የድሉ ወሬ ገና የልጇ ወሬ አልነበረም፤ ሀገር ድናለች፣ የእርሷ ልጅ ግን ይዳን አይዳን አልታወቀም። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት በግንቦት ነውና፣ ሆዷ ባር ባር እያለ ከዳገቱ ብቅ ያለውን መንገደኛ ሁሉ ዐይን ዐይኑን እያየች ከሁለት ወር በላይ ያሳለፈች ብዙ ናት።

ያልተመለሰውን ልጅ መርዶ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ገና ሳይነጋ ያረዳል። እናት በር ሲንኳኳ፣ ከበሩም ላይ የቆመውን ሰው ብዛት ስታይ፣ ነገሩን ከማንም አፍ ሳትሰማ ታውቀዋለች። አስከሬኑ በሩቅ ሀገር ስለ ቀረ ልቅሶው የሚደረገው በልብሱ፣ በጋሻውና በጦሩ ነበር፤ ፈረስም የነበረው እንደ ሆነ ፈረሱ ተጭኖ በለቀስተኛው መካከል ይመራል። አልቃሿ የሟቹን ጀግንነት ስታነሣ ወላጅ በአንድ አንደበት ያለቅሳል፣ ይኮራልም። ኩራቱ ሐዘኑን ያቀለዋል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይሽርም እላለሁ።

ከአርባ ዓመት በኋላ ጠላት ሲመለስ ይኸው ዕጣ በመኳንንቱና በሊቃውንቱም ቤት ገባ። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በሎንዶን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ስለ ሀገራቸው ሲሟገቱ፣ በእንግሊዝ ሀገር የተማሩት ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ ጥቁር አንበሳ ከተባለው የአርበኞች ማኅበር ጋር ተሰልፈው ነበር፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የአዲስ አበባ እልቂት በኋላ ሁለቱም ተገደሉ። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ጠንቅቀው የሚያውቁት ራስ ካሳ ኃይሉም በ1928 ዓ.ም. በተምቤን ከልጆቻቸው ጋር ተዋግተው፣ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ሲሰደዱ፣ ልጆቻቸው በአርበኝነት ቀሩ። ደጃዝማች ወንድወሰን፣ ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋ ወሰን ሦስቱም በአንድ ወር፣ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ተገደሉ፤ አበራና አስፋ ወሰን የተገደሉትም የምሕረት ቃል አምነው እጃቸውን ከሰጡ በኋላ፣ በገዛ ሀገራቸው በፍቼ ነው። አባት በስደት ሀገር ሆኖ የሦስት ልጅ መርዶ ሲቀበል የሚያለቅስበት ጋሻ እንኳ አልነበረውም።

ይህ አባት ግን ከዘማቹ ኋላ አልቀረም፤ ራስ ካሳ በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በሱዳን በኩል ጎጃም ገቡ፤ በዚያም ዓመት ከደብረ ማርቆስ የሸሸውን የጠላት ጦር እግር በእግር ተከትለው ከዘመቱት መካከል፣ ዕድሜያቸው 60 ዓመት ገደማ ሆኖ ሳለ፣ እርሳቸው ነበሩበት።